የቡቺ ጉልበት

ዛሬ ቡቺን ከቀዶ ጥገና ይዣት ተመለስኩ። ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተኝታለች። የቀኝ የኋላ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተላጭቷል፣ ከውስጥ በኩል የተሰፋው ቦታ አንድ ጋት ያህል ይሆናል። እጄን ከጭንቅላቷ ላይ ባነሳሁ ቁጥር ዓይኗን ትገልጣለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት ኳስ ስታባርር ድንገት ጮኸች፣ ከዚያ ወዲህ ያቺን እግሯን ጫፏን ብቻ እያስነካች ነበር የምትሄደው። ወለምታ መስሎኝ ነበር። ሐኪሟ ግን ጉልበቷን በሁለት እጁ ይዞ የታችኛውን አጥንት ወደ ፊት ገፋ ሲያደርገው ተንሸራተተ። ጅማቱ ተበጥሷል። ውሾች ላይ ብዙ ጊዜ ቀስ በቀስ ሲሳሳ ቆይቶ ነው የሚበጠሰው አለኝ፤ ቀድሜ ባየሁት ብዬ አንጀቴ ተቃጠለ።

መልሰው የሚሰፉት መስሎኝ ነበር፣ ግን አይደለም። የቅልጥሟን የላይኛውን ጫፍ በክብ መጋዝ ቆርጠው፣ ትንሽ አዙረው፣ ወደ 25 ዲግሪ የሚጠጋውን የጫፉን ተዳፋት ወደ 5 አካባቢ አውርደው በብረትና በብሎን አሰሩት፤ ጉልበቷ ያለ ጅማቱም እንዳይንሸራተት ማለት ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1993 ያስተዋወቀው ባርክሌይ ስሎከም የሚባል የኦሪገን የእንስሳት ሐኪም ነው። እጁ ይባረክ! እንደ ትራስ ሆኖ አጥንቶቹን የሚለያየው ልም አጥንትም ተቀዶ ስለነበር የተቀደደውን አወጡላት።

አሁን አጥንቱ እስኪገጥም ሁለት ወር ያህል መሮጥ የለም፣ መዝለል የለም፣ ደረጃ የለም። እኛ ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ነን፣ እሷ 30 ኪሎ ናት። እሸከማታለሁ።

እማዬ ከአዲስ አበባ ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ቡቺ እህል ቀመሰች?" ብላ ነው። አዎ እማ፣ ትንሽ ሩዝ በዶሮ በልታለች።