ኪዳነ ምሕረት ወንድሜን የመለሰችልን የባሕር ዳር ጉዞ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። የጠፋው ወንድሜ የተገኘው ሱባኤ በገባንበት ወይም ጸበል በተጠመቅንበት ቀን ሳይሆን፣ የቴዲ አፍሮን ኮንሰርት ለማየት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በተጓዝንበት ሰሞን በመሆኑ፣ ታሪኩን የሰሙ አንዳንድ እኅቶች «ከዘፈን ቤት ደግሞ ምን ምስክርነት ይወጣል?» እያሉ አሽሟጠውብኛል። ሆኖም ስለቱን ሰምታ ወንድሜን የሰጠችን እመቤታችን መሆኗን እያወቅሁ፣ ለሰሚው እንዲያምር ብዬ ኮንሰርቱን ከታሪኩ ላወጣው አልችልም፤ ስለዚህ የሆነውን ሁሉ እንደሆነው እናገራለሁ።

ታናሽ ወንድሜ እጁ የተባረከ ልጅ ነው። ትምህርቱን ካቋረጠ በኋላ በጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሱቅ ስምና የማስታወቂያ ጽሑፍ በብሩሽ እየጻፈ ይተዳደር ነበር። የእሱን ጽሑፍ ከሌላው ሰው ጽሑፍ ለመለየት ፊርማ አያስፈልገውም፤ በተለይ «ጎ» የምትለዋን ፊደል ሲጽፍ እግሯን ወደ ግራ ይስብና ጫፉን እንደ ወፍ ጅራት ለሁለት ይከፍለዋል። የከተማችን ስም በእርሷ የሚጀምር በመሆኑ ይህች ፊደል በየሱቁ ግንባር ላይ ትገኝ ነበር፤ እናቴም በገበያ ስታልፍ «ይኸው የልጄ ጅራት» እያለች ትስቅ ነበር። ሥራ ላይ ሲሆን ከቴዲ አፍሮ ሌላ አያዳምጥም፤ ግጥሞቹን በደብተር ይገለብጣል፣ ፊደሎቹንም በእነርሱ ይለማመዳል። እውነቱን ለመናገር እኔንም ያስለመደኝ እርሱ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ከአንድ የሰፈራችን ልጅ ጋር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጣ። ለደላላው የተከፈለው ገንዘብ ከእናቴ የጆሮ ወርቅና ከእቁቧ የተገኘ ነበር። ካርቱም ደርሶ መኪና እያጠበ መሆኑን በስልክ ነገረን፤ ከዚያም ስልኩ እየራቀ ሄዶ በመጨረሻ ጨርሶ ጠፋ። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ከሱዳን የተመለሰ ሰው ሁለቱ ልጆች ወደ ሊቢያ በሚሄድ መኪና ላይ መሳፈራቸውን እንደ ሰማ ነገረን። የበረሃውን ነገር ሁሉም ያውቀዋልና ጎረቤቶቻችን እናቴ ለቅሶ እንድትቀመጥ ይመክሯት ጀመር። እርሷ ግን «ያላየሁትን ሞት አላለቅስም» ብላ እንቢ አለች።

እናቴ የዘጌ ልጅ ናት፤ ቡና በጫካ ጥላ ሥር ከሚለቀምበት፣ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ምክንያት ሞፈርና ቀንበር አይገባበትም ከሚባለው ከዚያ አገር ተወልዳ ያደገችው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እየሳመች ነው። ስለዚህ «ልጄን በሕይወት ካሳየሽኝ ጥላ አገባልሻለሁ» ብላ የተሳለችው ለእርሷው ነበር። ወር በገባ በ16ኛው ቀን የምታዘክረውን ዝክር አንድም ጊዜ አላቋረጠችም። በ2009 ዓ.ም. የቴዲ አዲስ አልበም ሲወጣም ሲዲውን አስገዝታኝ፣ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ከነጠላዋ ጋር በሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው።

በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ድምፃዊው በባሕር ዳር ስታዲየም ኮንሰርት ሊያቀርብ መሆኑ ተሰማ። በአገር ቤት ይህን ያህል ሕዝብ ፊት ከቆመ ረጅም ጊዜ ስለ ሆነው፣ ጎንደርም እንኳ በጥምቀት ማግሥት ስለ ሌላ ነገር አያወራም ነበር። ነገሩን ያነሣችው እናቴ ናት። «ልጄ በሕይወት ካለና እግሩ የዚህን አገር መሬት ከረገጠ፣ ከዚያ ቦታ አይቀርም። ሂጂና ፈልጊው» አለችኝ። በአንድ በኩል የእናት ምኞት መሆኑን ባውቅም፣ በሌላ በኩል ከዚህ የተሻለ ሐሳብ አልነበረኝም። የንስሐ አባቴን ሳማክራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ወንድም ፍለጋ ከሆነ ሂጂ፤ የቲኬቱን ዋጋ ግን ከዐሥራትሽ እንዳትቀንሺው» አሉኝ።

እሑድ ጥር 13 ቀን ማለዳ በአክስቴ ልጅ አሮጌ ዲኤክስ ተነሣን። ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዘዞን፣ ማክሰኚትን፣ እንፍራንዝንና አዲስ ዘመንን አልፈን የፎገራ ሜዳ ላይ እስክንደርስ መንገዱ በመኪናና ባንዲራ በሚያውለበልቡ ወጣቶች ተሞልቶ ነበር። ወረታን ካለፍን በኋላ ሐሙሲት ልንገባ ጥቂት ሲቀረን የኋላው ጎማ ፈነዳ። የአክስቴ ልጅ ክሪክ ከአላፊ መኪና እስኪለምን፣ ትርፉን ጎማ እስኪቀይር ጊዜው ነጎደ፤ እኔም የማልደግመውን ቃል ተናገርሁ። የዓባይ ድልድይ ጋ ስንደርስ ደግሞ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ያን ጊዜ አዲሱ ድልድይ ገና ስላልተሠራ ከተማዋ በአሮጌው በኩል ብቻ ነበር እንግዳዋን የምታስገባው።

ስለ ኮንሰርቱ ብዙ ልተርክ አልችልም፤ ምክንያቱም መድረኩን ያየሁት በጥቂቱ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ለብሶ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲመለከት፣ እኔ ጀርባዬን ለዘፋኙ ሰጥቼ ፊት እቆጥር ነበር። የወንድሜን ፎቶግራፍ በስልኬ ከፍቼ በአጠገቤ ለሚያልፍ ሁሉ አሳያለሁ። አንድ ጎረምሳ ፎቶውን ትኩር ብሎ አየና ዙሪያውን በእጁ እያሳየ፣ «እትዬ፣ እዚህ ያለው ሁሉ ወንድምሽን ይመስላል» አለኝ። ሳያሾፍ ነበር የተናገረው፤ እውነትም ነበር። ከሲታ፣ ረጅም፣ ፀጉሩን ያጎፈረ ልጅ ባየሁ ቁጥር ልቤ እየዘለለ፣ ፊቱን ሲያዞር እየወደቀ አመሸሁ። ድምፃዊው ወንድሜ ሌሊት ሌሊት ያንጎራጉረው የነበረውን ዜማ ሲጀምርና ሕዝቡ ሁሉ ሲቀበለው ግን እግሬ ከዳኝ፤ በሰው መካከል ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። አንዲት የማላውቃት ሴት ዘፈኑ የነካኝ መስሏት አብራኝ አለቀሰች።

አልተገኘም። በየበሩ ተከፋፍለን የሚወጣውን ሰው ብንጠብቅም አልተገኘም። የመኝታ ክፍል በከተማው ባለመገኘቱ ሌሊቱን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በመኪናው ውስጥ አሳለፍን። ጎሕ ሲቀድ ኪዳን ሊያደርሱ የሚገቡትን ካህናት ተከትዬ ገባሁና ከሴቶች በር ውጭ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ጊዜያት ሁሉ ጸሎቴ «ሕያው አድርገሽ አሳዪኝ» የሚል ነበር። ያን ጠዋት ግን አቅሜ አልቆ ነበርና «እመቤቴ ሆይ፣ ከእንግዲህ የምለምንሽ ቁርጡን ብቻ ነው። ሞቶም ከሆነ እናቴ ታልቅስለት፤ ብቻ እንወቀው» አልሁ። እንዲህ ብዬ በመጸለዬ እፎይታም ተሰማኝ፣ ወንድሜን በእጄ የቀበርሁት ያህልም መሰለኝ።

ወደ ጎንደር ከመመለሳችን በፊት የፈነዳውን ጎማ ማሠራት ግድ ነበር፤ ያለ ትርፍ ጎማ መንገድ አይወጣም። ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ጎዳና ዳር አንድ ጎሚስታ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ይሠራል። የአክስቴ ልጅ ጎማውን አውርዶ ሲያስረክብ እኔ ከመኪናው ወርጄ ጥላ ፈለግሁ። ከዳሱ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ እንደ ማስታወቂያ ቆሞ፣ በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» ተብሎ ተጽፎበታል። የመጀመሪያዋ ፊደል እግር ወደ ግራ ተስቦ ጫፉ ለሁለት ተከፍሏል።

ጠጋ ብዬ በጣቴ ነካሁት። ቀለሙ ወፍራም ነበር፤ የጎማውን ጥርስ ተከትሎ ሲወርድ ብሩሹ የተነሣበት ቦታ ሳይቀር ይታያል፤ አቧራም ገና አላጠቆረውም። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ «ወንድሜ፣ ይህን የጻፈው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ጎሚስታው ቀና ብሎ አየኝና «ምነው እትዬ፣ ስሕተት አለው እንዴ?» አለኝ።

«የለውም። የጻፈውን ሰው ብቻ ንገረኝ።»

«አንድ የጎንደር ልጅ ነው። ጽሑፍ ሲያገኝ ይጽፋል፣ ሲያጣ ሐይቁ ዳር ጀልባ ይቀባል። የዚህን ዋጋ በምሳ ነው የተቻቻልነው።»

የቀረውን እንዴት እንደ ጠየቅሁ አላስታውስም። ጎሚስታው ሥራውን ለልጁ ትቶ ራሱ እየመራ ወሰደን፤ ጎማውንም ዋጋ ሳይቀበል ነው የሠራልን፤ ዛሬም በጸሎቴ አልረሳውም። ጣና ዳር፣ ጀልባዎች ከውኃው ወጥተው በሚጠገኑበት ሥፍራ፣ አንድ ቀጭን ልጅ ጀርባውን ሰጥቶን የተገለበጠ ጀልባ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቅ ነበር። በሰፈር ስሙ አልጠራሁትም፤ እናቴ ብቻ በምትጠራው የክርስትና ስሙ ጠራሁት። እጁ ቆመ። ሳይዞር ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ዞሮ ሲያየኝ እንደ ቆመ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«እትዬ፣ እማ አለች?» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ።

«አለች። አንተን እየጠበቀች ነው።»

ለእናቴ ስደውልላት አላመነችኝም፤ «ድምፁን አሰሚኝ» አለች። ስልኩን ስሰጠው «እማ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም፤ በወዲያኛው በኩል የተሰማው እልልታ ግን ከስልኩ አልፎ የጀልባ ሠሪዎቹን ሁሉ አስነሣቸው። እልልታው ጋብ ሲል እናቴ የጠየቀችው «ቁርስ በልቷል?» ብላ ነው።

ነገሩ ኋላ ሲጣራ ወደ ሊቢያ የሄደው ጓደኛው ብቻ ነበር። ወንድሜ በዚያ ሳምንት ወባ ስለ ጣለው መኪናው ጥሎት ሄደ፤ ከበሽታው ሲያገግም ስልኩም ገንዘቡም አልነበረም። እንደ ምንም ብሎ መተማ ገባ። ከዚያ በጭነት መኪና ተጭኖ ጎንደርን በሌሊት አለፋት፤ የሰፈራችንን መብራት ከመኪናው ላይ ሆኖ እያየ አልወረደም። ምክንያቱን ስጠይቀው «የእማን ወርቅ በልቼ ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?» አለኝ። በስደት ስለሚያልቁ ልጆች ስንናገር ደላላውን እንረግማለን፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ባዶ እጁን የተመለሰውን ልጅ «ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ የሚቀበለው መንደር ስንቱን በደጁ እንደሚያሳልፈው እኔ ከወንድሜ አፍ ሰምቻለሁ።

ስለ ኮንሰርቱም ጠየቅሁት። የመግቢያ ገንዘብ ስላልነበረው ከስታዲየሙ ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ቆሞ እስከ መጨረሻው ሲያዳምጥ ነበር ያመሸው። እኔ ውስጥ ለውስጥ ስፈልገው እርሱ ከግንቡ በስተ ጀርባ ያንኑ ዜማ ይቀበል ነበር ማለት ነው። እናቴ «ከዚያ ቦታ አይቀርም» ያለችው እውነት ሆኖ ሳለ፣ ጎማው ሐሙሲት ላይ ባይፈነዳ ኖሮ በማግሥቱ ወደዚያ ጎሚስታ የሚወስደን ጉዳይ አልነበረንም። ይህን አጋጣሚ የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም፤ እኔ ግን በኪዳን ሰዓት የጸለይሁትንና ፀሐይ ሳትከር ያየሁትን አውቃለሁ።

በዚያው ዓመት የካቲት 16 ቀን፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ፣ በኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ጥላውን ይዘን ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ወንድሜ ጥላውን ለማንም አላስነካም፤ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን የቡና ጫካ መንገድ እርሱ ተሸክሞት ወጣ። እናቴ በባዶ እግሯ ተከተለችው። አሁን ጎንደር ተመልሶ ሥራውን ይዟል፤ የእናቴንም የእቁብ ዕዳ ከፍሎ ጨርሷል፤ ወርቁ ገና ነው።

የጓደኛው እናት ግን ከእኛ ቤት ሦስተኛ በር ላይ ዛሬም ትጠብቃለች። ወንድሜ በተመለሰ ዕለት ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው እርሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ በየወሩ የእናቴን ዝክር አብራ ታዘጋጃለች፤ ስለትም ተስላለች። ይህን ምስክርነት የምታነቡ ሁሉ ልጇን በሕይወት እንዲያሳያት፣ ይህ ካልሆነም ቁርጡን እንዲያሳውቃት በጸሎታችሁ እንድታስቡልኝ እለምናለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።