ሃምሳ ሳንቲም

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን ከትምህርት ቤት የጥቁር አሜሪካዊቷን ጸሐፊ የሎሬይን ሃንስበሪን ተውኔት «ኤ ሬይዚን ኢን ዘ ሰን»ን ይዛ መጣች። እ.ኤ.አ. በ1959 በኒው ዮርክ የቲያትር ሰፈር፣ ብሮድዌይ ላይ የታየ ነው። ማታ ማታ ጮክ ብለን እናነበዋለን፤ እሷ ሴቶቹንና ልጁን፣ እኔ ዋልተር ሊን። ዋልተር የሀብታም ሰው ሾፌር ነው። እኔም የምተዳደረው በሹፍርና ነው።

የእነ ዋልተር ቤት ቺካጎ፣ ሳውዝ ሳይድ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ነው። አምስት ሰው በአንድ ጠባብ አፓርታማ ይኖራል። መታጠቢያ ቤቱ ከጎረቤት ጋር የጋራ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ግፊያ ነው። ልጁ ትራቪስ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛል። ታዲያ ትራቪስ ለትምህርት ቤት 50 ሳንቲም ይጠይቃል፤ እናቱ ሩት «የለንም» ትለዋለች። ዋልተር ለልጅ እንዲህ ይባላል ወይ ብሎ ይቆጣና 50ውን ይሰጠዋል፤ ሌላ 50 ይጨምርለታል። ልጁ ደስ ብሎት ይወጣል። ኋላ ዋልተር ራሱ ከወጣበት ተመልሶ ሚስቱን የመሳፈሪያ ይጠይቃታል።

እዚህ ላይ ሳግ ያዘኝ፤ ውሃ ጠጥቼ ነው የቀጠልኩት።

ሃንስበሪ የባሰውን በዓይኗ አይታለች። አባቷ በ1937 ነጮች ሰፈር ቤት ሲገዙ ሰው ተሰብስቦ ቤቱ ላይ ድንጋይ ወርውሯል፤ እሷንም ለጥቂት ነው የሳታት። እናቷ ሽጉጥ ይዘው ሌሊቱን ሲጠብቁ ያድሩ ነበር። ነገሩ በክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1940 አባቷ ረቱ። ተውኔቱ ውስጥ ግን ያ ሽጉጥ የለም። እነ ዋልተርም ነጮች ሰፈር ቤት ሲገዙ፣ ወደ ሰፈራችን አትምጡ ሊል የተላከው ነጩ ሊንድነር እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቦርሳውን ይዞ፣ በትሕትና ነው የሚገባው፤ ቤቱን ትርፍ ከፍለን እንግዛችሁ ይላል። ሕመሙን ያስቀመጠችው ባልና ሚስቱ መሃል ነው። ሩት ማርገዟን ስታውቅ መደሰት አቅቷት ለማስወረድ 5 ዶላር ቀብድ ትከፍላለች። የሚመጣው ልጅ የት ይተኛል? ለእኔ ከድንጋዩ ይልቅ የሚከብደው ይሄ ነው።

መጽሐፉን ስናጥፍ ልጄ «አባዬ፣ ዋልተር ለምን እውነቱን አልነገረውም?» አለችኝ።

«ልጁ አንገቱን ደፍቶ እንዳይውል ነዋ» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «ትራቪስ ግን ያውቃል እኮ» አለች። «የሚተኛው ሳሎን ነው። ሲጨቃጨቁ ይሰማል።»