የራሳቸው ድምፅ በፊደል

ስልክ አዋቂ ሰውን ማንበብ ያስተምራል ወይስ ያዘናጋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሁለቱንም እላለሁ። ዛሬ ፊደል ያልቆጠረ ሰው በድምፅ መልእክት ብቻ ዓመታት መግፋት ይችላል። ደዋዩን በፎቶው ይለያል፣ የሚፈልገውን ማይክሮፎኑን ተጭኖ ይናገራል፣ አለቀ።

ግን ሁሉም ሰው በድምፅ አይልክም። የማስተምራቸው አንዲት እናት የጽሑፍ መልእክት ሲገባላቸው የሚያነብላቸው ሰው እስኪመጣ እስከ ማታ ይጠብቁ ነበር። አንድ ቀን «ልጄ፣ የኔን ሚስጥር እኮ ከኔ በፊት የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው» አሉኝ። ዩኔስኮ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አዋቂዎች በዓለም ከ700 ሚሊዮን በላይ ናቸው ይላል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሴቶች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጥሩን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ ጥበቃ ነው።

አሁን እንዲህ እናደርጋለን። «እንዴት እንደዋሉ በድምፅ ይላኩልኝ» እላቸዋለሁ። ሃያ ሰከንድ ይበቃል። እሰማና ሳላሳምር፣ ልክ እንደተናገሩት ጽፌ እመልስላቸዋለሁ፤ በአንድ መስመር ሦስት አራት ቃል ብቻ። ከዚያ የራሳቸውን ድምፅ እየሰሙ ፊደሉን በጣታቸው ይከተላሉ። ቃሉንም ትርጉሙንም ያውቁታል፣ የቀራቸው ፊደሉ ነው። አንዴ እኒያ እናት «ጉልበቴን ሲያመኝ ዋለ» ብለው ነበር። ሲያነቡት ቀድተው ላኩልኝ፦ «ጉ… ጉል…» ዝም። ድምፁን ወደኋላ መልሰው ሲሰሙ ይሰማኛል። ከዚያ «እንዴ! ጉልበቴ!»

ዘዴው የኔ ፈጠራ አይደለም። ብራዚላዊው የትምህርት ሊቅ ፓውሎ ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1963 አንዢኮስ በምትባል የአገሩ ከተማ ወደ 300 የሚጠጉ ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ገደማ ያስተማረው ከኑሯቸው በወጡ ቃላት ነው። ስልክ የጨመረው ነገር ድምፁን ማስቀመጡ ነው። አስተማሪ በሌለበት፣ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ማንም ሳያይ አሥር ጊዜ መድገም ይቻላል። ለአዋቂ ሰው ይሄ «ማንም ሳያይ» የሚባለው ነገር ቀላል አይደለም፤ ብዙዎቹ ከክፍል የሚቀሩት በሀፍረት ነው።

ውድ መሣሪያም አያስፈልግም። ኒጀር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ113 መንደሮች በተካሄደ የጎልማሶች ትምህርት፣ በከፊሎቹ መንደሮች ለአምስት ተማሪ አንድ ተራ ስልክ ተሰጥቶ ነበር። የእነዚህ ተማሪዎች የጽሑፍና የሂሳብ ውጤት ስልክ ካልተሰጣቸው በለጠ። እዚያ አጭር መልእክት መላክ ከመደወል ይረክስ ስለነበር ሰው ለመጻፍ ምክንያት ነበረው። ዛሬ ድምፅ መላክም ያን ያህል ስለማያስወጣ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን፣ እኔ ያገኘሁት ደግሞ የራስን ሚስጥር ራስ ማንበብን ነው።

ያማረረኝ ኪቦርዱ ነው። ላቲን ፊደል ተጭነህ አማርኛ የሚያወጣውን ዓይነት ገና «ሀ ሁ» ለሚል ሰው መስጠት በአንዴ ሁለት ፊደል ተማር እንደማለት ነው። እባካችሁ፣ ስልክ የምታዘጋጁላቸው ልጆች፣ ሀ ለ ሐ መ ራሱ የተደረደረበትን ጫኑላቸው። ፊደሉንም አተልቁላቸው።

ግሩፕም ሞክሬ ነበር፤ ሠላሳ ሰው አስገብቼ ማንም ትንፍሽ አላለም። አምስት አምስት አድርጌ ስከፍላቸው ግን ማውራት ጀመሩ፣ መተራረምም ጀመሩ። ቪዲዮ ዳታቸውን ስለሚበላ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ከእኒያ እናት በጽሑፍ መልእክት ገባልኝ። «እህቴ ጻፈችልኝ አነበብኩት» ይላል፣ ነጥብ የለው ምን የለው። ምን እንደጻፈችላቸው አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።