64 ነበር፣ 0.09 ሆነ

መጋቢት 2013 ዓ.ም.፣ ኮሮና በበረታበት ሰሞን፣ ከአያት ወዲያ በለገጣፎ በኩል ባለ ሆስፒታል ነርስ ነበርኩ። አልጋ ብርቅ ነው። ትንሽ ሻል ያለው ሰው ወዲያው ወደ ተራው ዎርድ ይወርዳል፤ በር ላይ ወረፋ አለ።

አንድ አባት ትንፋሻቸው ተሻሽሎ የልብ ምታቸው አላምር አለን። ሐኪሙ ትሮፖኒን አዘዘ። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ፕሮቲን ነው፤ ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም ይወጣል። የእኛ ላብራቶሪ (ላብ) ሪኤጀንት፣ ማለት የመመርመሪያ ኬሚካል፣ አልቆበታል (መቼ አላለቀበት!)። ናሙናውን ልጃቸው በባጃጅ ግል ላብራቶሪ አደረሰችው። ውጤቱ 64፣ ከፍ ያለ ነው።

«ሃርት አታክ ነው እንዴ?» አለችኝ። ኢሲጂው፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው፣ ያንን አያሳይም። በጽኑ የቫይረስ ሕመም ኦክስጅን ሲያንስ፣ ደም ሲረጋ፣ ሰውነት ሲቆጣ ልብም ይጎዳል። ኩላሊት ሲደክምም ቁጥሩ ከፍ ይላል። ቢሆንም ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከዉሃን የወጣ የ416 ሕሙማን ጥናት ላይ፣ የልብ ጉዳት ከታየባቸው 51.2 በመቶው ሞተዋል። ካልታየባቸው የሞቱት 4.5 በመቶ ናቸው።

በማግስቱ ይደገም ተባለ። እሑድ ስለነበር ያ ላብ ዝግ ነው፤ ልጅቷ ሌላ ቦታ አሠራችው። 0.09!

ተረኛው ሐኪም «ተመስገን፣ ወርዷል» ብሎ አልጋው እንዲለቀቅ ሊጽፍ ነው። ትልቋ ሲስተር ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ይቺኛዋ በሚሊ ሊትር ናት።»

የመጀመሪያው ናኖግራም በሊትር ነበር። ሁለተኛው ናኖግራም በሚሊ ሊትር። ሊትር ሺህ ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ 0.09 ማለት በሊትር 90 ነው! ደግሞ የሁለት ላብ ማሽን አንድ ስላልሆነ 64ን እና 90ን እንኳ አስተያይቶ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ ሦስተኛ ናሙና፣ ሲከፈት ወደ መጀመሪያው ላብ።

ልጅቷ ፈነዳች። «ሲስተርዬ፣ የምታክሙት አባቴን ነው ኪሴን?» እውነቷን ነው። እዚያው ላብ መልሺው ያላት ሰው የለም።

ውጤቱ 118 መጣ። አባት ሞኒተር ላይ ቆዩ። ሌሊት ምታቸው ሲዘበራረቅ ማሽኑ ጮኸ፤ ቶሎ ደረስንላቸው። ፋሲካን ቤታቸው ዋሉ።

ከዚያ ወዲህ ውጤት በስልክ ቁጥሩ ብቻ ሲነገረን አንቀበልም። የላቡ ስምና መለኪያው የሚታይበት የወረቀቱ ፎቶ በቴሌግራም ይላክልናል። አንዳንዱ ሐኪም «አበዛችሁት» ይላል። ይበል።