ሊቆም የሚችል ትምህርት

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት (በክፍል ቴሌቪዥን የሚተላለፍ ትምህርት) ሲጀመር የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት ሥዕሉ ያማረ፣ ዝግጅቱም የተጠና ነበር። ግን ማንም ሊያቆመው አይችልም። በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው ሰው ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። እኛ ጥያቄውን ጽፈን ሳንጨርስ ርዕሱ ተቀይሯል። የክፍላችን መምህርም ከእኛ ጋር ቆሞ ይመለከት ነበር።

ዛሬ ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ቴክኖሎጂ ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ተማሪው ሊያቆመው፣ ወደ ኋላ ሊመልሰው፣ ሊያበላሸው ይችላል?

ለ10ኛ ክፍል የኤሌክትሪክ ምዕራፍ የመረጥኩት የፌትን (PhET) የኤሌክትሪክ ዑደት መሥሪያ ነው። ፌት የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው ነፃ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ነው። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፋይሉን በኮምፒውተር ክፍላችን ጫንኩት፤ ስልክ ያላቸው ለቤታቸው በብሉቱዝ ተቀባበሉት፤ የሌላቸው ከትምህርት ሰዓት በኋላ እዚያው ክፍል በቡድን ይሠራሉ።

ከመክፈታቸው በፊት ግምታቸውን ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ሁለት እኩል አምፖሎች በተከታታይ ቢያያዙ የትኛው ይደምቃል? ብዙዎቹ «ለባትሪው የቀረበው» ይላሉ፤ ፊተኛው አምፖል ከረንቱን የሚጨርሰው ይመስላቸዋል። ከዚያ ይሠሩታል። ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ባለ 10 ኦም አምፖሎች፤ የከረንት መለኪያው ከፊትም ከኋላም 0.45 አምፒር ያሳያል፣ ሁለቱም እኩል ይበራሉ። ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዱን አምፖል ሲነቅሉ ሌላው ይጠፋል፤ «ታዲያ ቤታችን ለምን እንዲህ አይሆንም?» ብለው ወደ ትይዩ ዑደት፣ ማለትም እያንዳንዱ አምፖል የራሱ መስመር ወዳለው አያያዝ፣ የሚሻገሩት እኔ ሳልነግራቸው ነው። የባትሪውን ሁለት ጫፎች በሽቦ አገናኝተው እሳት ሲያስነሱም አልከለክልም። በእውነተኛ ባትሪ ይህን እንዲሞክሩ አልፈቅድላቸውም፤ እዚህ ግን አጥፍተው እንደገና ይጀምራሉ።

በዚህ ሥራ የሚመልሷቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው፤ ሦስቱ ከእኔ፣ አራተኛው ከራሳቸው። አራተኛውን እወደዋለሁ። በክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ አንዲት ልጅ «እናቴ ምጣድ ስትጥድ መብራቱ ለምን ይፈዛል?» ብላ ጻፈች። መልሱን አልሰጠኋትም፤ ሽቦው ከረንትን የሚቋቋምበትን መጠን የሚቀይረው መቆጣጠሪያ የት እንዳለ ብቻ አሳየኋት። በአምፖሏ ትይዩ አነስተኛ መቋቋም ያለው ነገር አስገብታ ምጣድ አለችው፤ ሽቦው ላይ መቋቋም ስትጨምር አምፖሏ ፈዘዘች። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር እንደሚስብ አስልታ፣ ያ ሁሉ ከረንት በቀጭኑ የቤት ሽቦ ሲያልፍ ቮልቴጁ እንደሚቀንስ ለጓደኞቿ ያስረዳችው ራሷ ናት።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለውስጣዊ ተነሳሽነት ሦስት ነገሮችን ያነሳሉ፤ በራስ መወሰን፣ እችላለሁ ማለት፣ ከሌሎች ጋር መተሳሰር። ፕላዝማው የመጀመሪያውን ነፍጎን ነበር። ስለዚህ ስክሪን ስለገባ ብቻ ተማሪ ይነቃል የሚለውን አልቀበልም።

ውጤት ስሰጥም ከአሥሩ አራት ነጥብ የምይዘው ለአራተኛው ጥያቄ ነው። ተማሪው ምን እንደገመተ፣ ምን እንደሞከረ፣ ግምቱ የት እንደተሰበረ ከጻፈ፣ መልሱ ባይሟላ እንኳ ሙሉውን ያገኛል። ፋይሉን የምትፈልጉ መምህራን ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፤ ከጥያቄዎቹ ጋር እሰጣችኋለሁ።