«ደህና ነኝ» በየትኛው ፊደል?

ሲከፋኝ ኮምፒውተር እነካካለሁ። ሌላው ሰው ቤት ያጸዳል ወይም ይተኛል፤ እኔ የፊደል ቅርጽ የሚመረጥበትን ዝርዝር ከፍቼ ስወጣና ስወርድ አመሻለሁ። ዛሬ እንኳ ሰበብ አላጣሁም። ጋሼ ያንን የዘር ሐረጋችንን ጽሑፍ ከአሜሪካ መልሰው ልከውልኛል። «አያታችንን ከልጆቻቸው ነጥለህ ማዶ ገጽ ላይ ብቻቸውን ጣልካቸውሳ!» ይላሉ።

የጣላቸው ኮምፒውተሩ ነው። ጽሑፉ የተሠራው በዊንዶውስ፣ ኒያላ በተባለው የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ነው። በጋሼ ማክ፣ በአፕል ኮምፒውተራቸው ላይ፣ ኒያላ አልተጫነም፤ ስለዚህ ማኩ ከፋ የተባለውን የራሱን ፊደል ተክቶ ያሳያል። የሁለቱ ስፋትም የመስመር ቁመትም አይገጥምም፤ መስመሩ ሌላ ቦታ ይሰበራል፣ ገጹ ይገፋል፣ አያታችን ይሰደዳሉ። እህቴ በአንድሮይድ ስልኳ ስትከፍተው ደግሞ ኖቶ በተባለው የስልኩ ፊደል ሦስተኛ መልክ ይዞ መጣ። ኒያላ የራሱ ደማቅ ቅርጽ ስለሌለው አርእስቱን ዊንዶውስ በግድ አወፍሮታል፤ የ«ጨ» ክቦች ተደፍነው ነጥብ ሆነዋል። መድኃኒቱ ፊደሉን በውስጡ የያዘ ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ነው። አለቀ።

ግን አላለቀም፤ ሁሉንም ጎን ለጎን ደርድሬ ማየት ጀመርኩ። ለካ ፊደሉ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ሥዕሉ ይለያያል። ዊንዶውስ የፊደሉን እግር ወደ ስክሪኑ ነጥቦች እየሳበ ያቃናል፤ ማክ ጠርዙ ትንሽ ቢደበዝዝም የቀራጩን ቅርጽ አይነካም። እኔ ለማክ አደላለሁ። የእኛ ፊደል እግሩ ሲቃና ወታደር ይመስላል።

በእርግጥ ይህ የጥጋብ ቅሬታ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየሆሄው የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ፣ ከመግባቱ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደሉን በላቲን ሆሄያት ቦታ ያስቀምጡት ነበር፤ ተቀባዩ ያው ፊደል ከሌለው ደብዳቤው ትርጉም የለሽ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈትለታል። ዛሬ «ሀ» የትም ቢሄድ «ሀ» ነው።

«ሀ» መሆኑስ ነው፤ ድምፁ ግን? እኔ ሳነብ ድምፅ ይሰማኛል፣ ድምፁም በፊደሉ ይለወጣል። ኒያላ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ነው፤ «በአስቸኳይ እንዲቀርቡ» የሚል ይመስለኛል። ኖቶ ቀሪ ሒሳቤን የሚነግረኝ የባንክ መልእክት ነው። ከፋ ደግሞ የሠርግ ጥሪ። እናም ምን አደረግሁ? «ደህና ነኝ» ብዬ ጽፌ በሁሉም አየሁት። በኒያላ ቢሮ ተጠርቶ የሚጠየቅ ሰው ቃል ሆነ። በኖቶ ደረሰኝ። በከፋ ሌላ ሰው ስለ እኔ ሆኖ የጻፈው መሰለ። በየትኛውም አላመንኩትም። መጠኑን ጨመርኩ፣ ቀለሙን ቀየርኩ፤ እንዲያው ሰው ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር?

አሁን ይህንንም በምን ፊደል ልጻፈው ብዬ ስጨነቅ ቆየሁ። ከንቱ ነው፤ እናንተ የምታዩት እኔ የመረጥኩትን ሳይሆን ስልካችሁ የመረጠላችሁን ነው። ታዲያ እዝን ብዬ የጻፍኩትን አንዳችሁ በሠርግ ጥሪ ድምፅ እያነበባችሁት እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?