የገዛሁትን ስከራይ

ቅዳሜ ሌሊት ነው፣ ከ6 ሰዓት አልፏል። ልጆቹ ተኝተዋል። እኔ ግን ይህን ነገር ጽፌ ካላወጣሁት እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ኢሜይሉ የመጣው ሐሙስ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ባቡር ውስጥ ሳለሁ ነው። የላከው ላለፉት 11 ዓመታት መጽሐፍ ቅዱስ የማጠናበትን ሶፍትዌር የሚሠራው ድርጅት ነው። ርእሱ «አስደሳች ዜና» ይላል። ዜናው፣ አዲሱ ቅጂ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚገዛ ሳይሆን በየወሩ ወይም በየዓመቱ እየተከፈለበት የሚሠራ መሆኑ ነው። የገዛኋቸው መጻሕፍት አይወሰዱብኝም። የድሮውንም ቅጂ «ለጊዜው» መጠቀም እችላለሁ። ያቺን «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል እዚህ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ ካለው የሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ እስከ ቤቴ ድረስ እያሰላሰልኳት መጣሁ።

ሶፍትዌሩን የገዛሁት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ያኔ አረጋውያንን በሚንከባከብ ቤት ሌሊት ሌሊት እሠራ ነበር። ከትርፍ ሰዓት ክፍያዬ ለአምስት ወር ያህል እያጠራቀምኩ ነው ዋጋውን የሞላሁት። ከዚያ በኋላም ለፋሲካ ወይም ለገና ቅናሽ ሲያደርጉ አንድ ማብራሪያ፣ በሌላ ጊዜ አንድ መዝገበ ቃላት እየጨመርኩ እዚህ ደረስኩ። ባለቤቴ «ለራስሽ ጫማ ግዢ» ሲለኝ እኔ የገዛሁት መጽሐፍ ነው። አሁንም አይቆጨኝም።

ሴሚናሪ፣ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት፣ የመግባት ዕድል አልነበረኝም። ረቡዕ ማታ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት የእናቶችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እንድመራ ሲጠይቁኝ በእጄ የነበረው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስና ብዙ ፍርሃት ብቻ ነበር። ይህ ሶፍትዌር ነው በሩን የከፈተልኝ። አንድ ቃል ላይ ስጫን የዕብራይስጡ ሥር ይወጣል፣ ቃሉ የሚገኝበት ቦታ ሁሉ ይደረደራል። ደግሞ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ስንባል ዕብራይስጥ ባዕድ አይሆንብንም። ስም ሼም ነው፣ ደም ዳም ነው፣ ነፍስ ኔፌሽ ነው። የዘመድ ቤት እንደ መግባት ያለ ነገር አለው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ጎረቤቴ አሥር ደቂቃ የሚያስረዱለትን እኔ ቃሉን ስሰማው ብቻ ይገባኛል።

የመዝሙር 69ኙን ቀን ከሁሉ አብልጬ አስታውሳለሁ። «ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና አድነኝ» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ነፍስ ስል ግን በውስጤ ያለች፣ የማትታይ ነገር ነበር የምትታሰበኝ። አንድ ማክሰኞ ሌሊት ለነገው ጥናት ስዘጋጅ ቃሉን ተጫንኩት። ከመዝገበ ቃላቶቹ አንዱ የዕብራይስጥ ዘመድ ከሆኑት ከጥንቶቹ የአካድና የኡጋሪት ቋንቋዎች ቃላት እየጠቀሰ «ጉሮሮ» የሚል ትርጉም አሳየኝ። ወደ ኢሳይያስ 5፥14 መራኝ፣ እዚያ ሲኦል የምታሰፋው ኔፌሽዋን ነው። ተመልሼ መዝሙሩን አነበብኩት። ሰውየው ውሃ ውስጥ ነው፣ ውሃው ጉሮሮው ደርሷል፣ አንድ ስንዝር ቢጨምር መጮህም አይችልም። ማስታወሻዬን እያለቀስኩ ጻፍኩት።

በማግሥቱ ያንኑ ስነግራቸው አንዲት እናት መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይሄን መዝሙር ስለው ዕድሜዬን ፈጀሁ። ውሃው የት ጋ እንደደረሰ ዛሬ ገና ገባኝ» አሉኝ። በእጃቸው ጉሮሯቸውን ይዘው ነበር። ልጃቸው በሊቢያ በኩል ባሕር ሊሻገር ወጥቶ ወሬው የጠፋ እናት ናቸው። ያን ማታ ጥናቱን አልቀጠልንም፣ ጸለይን እንጂ።

ስለዚህ ወሬው ስለ ሶፍትዌር ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተብከነከንኩ ነበር።

ትልቁ ልጄ ነገሩን ስነግረው «እማዬ፣ ከኔትፍሊክስ በምን ይለያል? ሁሉም እኮ እንደዚህ ሆኗል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ብዙው እንደዚህ ሆኗል። አዶቢ ፎቶሾፕን በወር ክፍያ ወደሚሠራበት መንገድ የዞረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፣ እኔ የእኔን በሙሉ ዋጋ በገዛሁበት ዓመት። ልጄን ግን እንዲህ አልኩት፤ ፊልም አይቼ እዘጋዋለሁ፣ በፊልሙ ላይ የራሴን ነገር አልጽፍበትም። እዚህኛው ውስጥ 11 ዓመት የጻፍኩት የራሴ ሐሳብ አለ። ዝም አለ፣ ከዚያ «ስንት ማስታወሻ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አብረን አየነው። 1,430 ነው።

ሠሪዎቹን መበደል አልፈልግም። ዊንዶውስና ማክ በተለወጡ ቁጥር ፕሮግራሙም መታደስ አለበት፣ የሚያድሰው ሰው ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል። ባይብልወርክስ የሚባለው፣ ስንት መምህራን የሚወዱት የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ ፕሮግራም፣ ከ26 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራውን አቁሞ ተዘግቷል። አንድ ጊዜ ሸጦ ለዘላለም ማገልገል ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ዛሬ ደብዳቤ ስጽፍላቸውም ይህንኑ ብያለሁ። ለማሻሻያ በየሦስትና በየአራት ዓመቱ ሲያስከፍሉኝ ከፍያለሁ፣ ቅር ብሎኝም አያውቅም። እየከፈልኩ የራሴ አደርገው ነበርና። አሁን የሚሉኝ ግን ክፍያው መቼም አያልቅም፣ ያቆምሽ ቀን ደግሞ አዲሱ መፈለጊያና አዲሱ መሣሪያ ይዘጋብሻል ነው።

ትናንት ማታ ውሉን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። በ11 ዓመት ውስጥ አንብቤው አላውቅም ነበር። ለካ የገዛሁት መጽሐፍ አይደለም፣ የመጠቀም ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ደግሞ በእኔ ስም ብቻ ነው፣ ለማንም አይተላለፍም። ብሞት ለልጄ አይሆንም።

እዚያ ላይ የአያቴ ዳዊት ትዝ አለኝ። ዛሬ ደብረ ታቦር ታላቅ ወንድሜ ዘንድ አለ። ብራና ነው፣ ማኅደሩ ከዳርና ዳር ተበልቷል። በመጀመሪያው ቅጠል ላይ የማን እንደሆነ ተጽፏል፤ ከሥሩም ጥንት ሊቃውንቱ በየመጽሐፉ እንደሚያሰፍሩት «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» ብሎ የሰረቀውንም ስሙን የፋቀውንም ያወግዛል። አባቴ ልጅ ሳለሁ ሲያነብልኝ የሚያስፈራኝ ሌባው አልነበረም፣ ፋቂው ነው። የሰው ስም መፋቅ እንዴት ይህን ያህል ከስርቆት እኩል ይሆናል እያልኩ እጠይቅ ነበር። ትናንት ውሉን ዘግቼ ብዙ ቁጭ አልኩ።

ሐዋሳ ያለው ታናሽ ወንድሜ ወንጌላዊ ነው። አምና «እህት ዓለም፣ እኔም አንድ ቀን ያንቺን ዓይነት እገዛለሁ» እያለ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። በዶላር፣ በየወሩ፣ ያውም በውጭ አገር ካርድ የሚከፈል ነገር ለአንድ የሐዋሳ አገልጋይ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ የሚከፈል ቢሆን እኔ እከፍልለት ነበር፣ አስቤውም ነበር። የእሱንና የእኔን ወር በወር እየከፈልኩ እስከ መቼ እዘልቃለሁ?

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት በቴሌግራም ሌላ ነገር ላክሁለት። በካምብሪጅ በሚገኘው የመጽሐፍ ቅዱስ ምርምር ማዕከል፣ በቲንደል ሀውስ የተጀመረውን ስቴፕ ባይብል የሚባለውን ማጥኛ፤ በነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የስትሮንግ ቁጥሮች፣ ለእያንዳንዱ የዕብራይስጥና የግሪክ ቃል የተሰጡት መለያ ቁጥሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1890 የታተሙ ናቸው፣ ብራውን፣ ድራይቨርና ብሪግስ ያዘጋጁት የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላትም በ1906። የባለቤትነት መብታቸው ካለፈ ቆይቷል፣ ማንም ሊጠቀምባቸው ይችላል። እኔ ሁለቱንም ያገኘኋቸው ከገዛሁት ጥቅል ጋር ነው። የጉሮሮውን ነገር ያሳየኝ አዲሱ መዝገበ ቃላት ግን ነጻ አይደለም። ያዘጋጁት ሊቃውንት ደክመውበታል፣ ዋጋ ሊከፈላቸው ይገባል። እሱን በወረቀት ፈልጌ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ለወንድሜ እገዛለታለሁ።

ድርጅቱ ለደብዳቤዬ ዛሬውኑ መለሰ። ትሑት መልስ ነው፣ ከሁለት ወር ነጻ ሙከራ ጋር። ማስታወሻዎቼን እንዴት አውጥቼ እንደምወስድ ላቀረብኩት ጥያቄ ግን አንድ መስመርም አልተመለሰልኝም። ራሴ ሞከርኩ። ወጡ፣ ግን ዕብራይስጡ ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ሆኗል፣ አማርኛው ደግሞ በየመካከሉ ባዶ ሳጥን ሆኗል። «ጉሮሮ» ብዬ የጻፍኩት ላይ ሦስት ሳጥኖች ተደርድረዋል።

ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ የድሮውን ቅጂ ከፍቼ አንድ በአንድ እየገለበጥኩ ነው። ልጄ እስኪያንቀላፋ ድረስ የዘፍጥረቱን ሲያነብልኝ፣ እኔ ስጽፍ ቆየን። ከዚያ በኋላ ወደ መዝሙሩ ዘለልኩ፣ እሱ እንዳይጠፋብኝ ስለፈራሁ። 69 ላይ ስደርስ ኮምፒውተሩን ትቼ ደብተር አመጣሁና በእጄ ጻፍኩት። የእኚያን እናት ቃል በማስታወሻው ውስጥ አላስገባሁትም ነበር፣ አሁን ጨመርኩት፣ ከነቀኑ።

ሰዓቱ 8 ሊሆን ነው። 73 ላይ ደርሻለሁ።